አትንኩኝ የታሰረባቸው አሥር ቀናት

ውሻዬን ይዤ ነው የምሄደው ባልኩ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ቢኖር የከብት ሐኪሙ ጌታነህ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ስቋል። የሱቅ ደንበኞቼ ሳቁ፣ አማቾቼ ሳቁ፣ ባሌ ሰይድ ሳይቀር ከባሕር ማዶ በስልክ ሳቀ። «ሰው ራሱ መውጫ አጥቶ አንቺ ውሻ ትያለሽ?» አለኝ። እኔም «ሰባት ዓመት በሬን የጠበቀው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አልኩት። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልሳቀም።

ዘሀራ እባላለሁ። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ስድስት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ፣ ሰይድን አገባሁ፣ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አብረን ሳንኖር እሱ በተራው ተሰደደ። እኔ ከከተማው ዳር አንዲት ቤት፣ ከፊቷ ትንሽ ሱቅ፣ ከጀርባዋ ጥቂት ባሕር ዛፍ ይዤ ቀረሁ። ባሏ የሌለ ሴት ደጅ ምን ያህል እግር እንደሚበዛበት የደረሰባት ታውቀዋለች። የሰይድ ዘመዶች ሳይጣሩ ይገባሉ፣ ድስቴን ከፍተው ያያሉ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ ይጠይቃሉ። በዚህ ተማርሬ ሳለሁ ነው አንዲት ደንበኛዬ ቡችላ ያመጣችልኝ።

በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፤ ለጎረቤትም ነው። ሰው በአፉ ሊናገረው ያልደፈረውን በውሻው ይናገራል። እኔም አትንኩኝ አልኩት። ደጃፌ ላይ ቆሜ «አትንኩኝ! አትንኩኝ!» እያልኩ ስጠራው መስማት ያለበት ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሰው ቤቱን እየጣለ በሸሸበት በዚያ ክፉ ሰሞን እኔም ሸሸሁ። የተሳፈርኩበት መኪና ውሻ አልጭንም ስላለኝ ትቼው ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ተነስቶ ሊመጣ ሞከረ፤ እግሩ አልታዘዝ አለው። ያን ቀን አንገቱን አቅፌ ሁለተኛ ጥዬህ አልሄድም አልኩት። እንግዲህ የሳቁብኝ ሰዎች ያላወቁት ይህንን ነው። አንዴ ጥዬው ሄጃለሁ።

ሰይድ ወዳለበት አገር እኔን የመጥራት ፈቃድ ሲወጣለት ጌታነህ ዘንድ ሄድኩ። ጌታነህ ቁጭ ብሎ በስልኩ አገላበጠና ውሻ ይዞ ለመግባት የሚጠየቀውን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ቁጥር ትቀበራለች። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል። ከክትባቱ ወር ቆይቶ ደሙ ተቀድቶ ውጭ አገር ይመረመራል። ደሙ ውስጥ በቂ መከላከያ ከተገኘ ደግሞ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። «ቅደም ተከተሉን እንዳትስቺ» አለኝ። «መለያው ሳይቀበር ከተከተበ ክትባቱ አልነበረም ይሉሻል፤ እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

አልሳትኩም። ለመለያውና ለክትባቱ አዲስ አበባ ድረስ ጤፍ በጫነ መኪና ላይ ይዤው ሄድኩ፤ ለደሙም እንዲሁ ተመላለስኩ። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ መጣ። ወረቀቶቹን በሰማያዊ ፋይል አድርጌ ከኒካሕ ወረቀቴ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ከሦስቱ ወር ሁለቱ አለቀ። አንድ ወር ቀረን።

ይህን ጊዜ ነው አያ ይማም የመጡት።

አያ ይማም የሰይድ አጎት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርሱ፣ ሶላታቸው የማይዛነፍ፣ አንዴ እምቢ ካሉ በቃ እምቢ የሚሉ ሰው ናቸው። እኔ ስሄድ ቤቱና ባሕር ዛፉ ወደ እሳቸው እንደሚመለስ ተነጋግረናል። በዚያ ጠዋት ዛፉን ሊያዩ መጡ። «የወንድሜ ልጅ ቤት ምን ይጠራል» ብለው በአጥሩ ሽንቁር በጓሮ በኩል ገቡ። እኔ ሱቅ ውስጥ ስኳር እመዝናለሁ። የአትንኩኝን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ሮጬ ስደርስ አያ ይማም ባታቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣቶቻቸው መሃል ደም ይወርዳል። አትንኩኝ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

የመጀመሪያ ንግግራቸው «ጸጉሩን ስጪኝ» የሚል ነበር። ውሻ የነከሰው ሰው የዚያኑ ውሻ ጸጉር አቃጥሎ ቁስሉ ላይ ያደርጋል፤ ውሻው ደግሞ በዚያው ቀን ይገደላል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው። ጌታነህ ግን መጀመሪያ ነገር ቁስሉን በውሃና በሳሙና፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ ነው ብሎ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። ይታጠቡ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ እንዲህ አልኳቸው፦

«አያ ይማም፣ የውሻ ምራቅ ነጃሳ አይደለም እንዴ? የነካው ሁሉ እስኪነጻ ሰባት ጊዜ አይታጠብም?»

እጃቸውን ከቁስሉ አነሱ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው» አሉ።

«አፈሩ ለዕቃ ነው። ለቁስል እኔ ሰባቱንም በሳሙና አደርገዋለሁ።»

እያጉረመረሙ እግራቸውን ዘረጉልኝ። እኔ እያፈሰስኩ፣ እሳቸው ጮክ ብለው እየቆጠሩ አጠብን። ሦስተኛው ላይ ተሳስተሻል ብለው እንደገና ከሁለት አስጀመሩኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ሰባት ሲሉ በርሜሉ ተጋምሷል። ከሕክምናው ሁሉ ትልቁ ያ እጥበት ነበር ብሎኛል ጌታነህ በኋላ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ተመለሱ። ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። አትንኩኝን ቤት ውስጥ ዘግቼበት፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሰማያዊውን ፋይል የሱቁ ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ ክትባቱ ይኸው፣ የደሙ ውጤት ይኸው፣ ማኅተሙ ይኸው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ማኅተሙን ተቀባበሉት። አያ ይማም ግን አላዩትም።

«ወረቀት አይነክስም» አሉ። «የነከሰኝ ውሻው ነው።»

ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አደረግኩት። «ብትገድሉት ማበድ አለማበዱን በምን ታውቃላችሁ?» አልኩ። «የሞተ ውሻ ምን ይናገራል? በሕይወት ይታሰር፣ አሥር ቀን ይታይ። በሽታው ካለበት በአሥር ቀን ውስጥ ይለይለታል። ጤነኛ ከሆነ አያ ይማምም ሰላም ያድራሉ። እናንተ ልትገድሉት የመጣችሁት እኮ ምስክሩን ነው።»

ያስጠራሁት ጌታነህም በሞተር ደርሶ እውነቷን ነው አለ። አያ ይማም ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው መከተብ አለባቸው፣ የውሻው ወረቀት የእሳቸውን መርፌ አያስቀርም ብሎ ጨመረ። አያ ይማም በዚህ ጊዜ ብድግ አሉ። በልጅነታቸው ውሻ የነከሰው ጎረቤታቸው ሆዱ ላይ በየቀኑ ሲወጋ አይተዋል። እኔ ሆዴን አላስበሳም፣ ከላላ ካለው ባለመድኃኒት ቅጠል አስመጣለሁ አሉ። አሥሩን ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ስለፈረዱልኝ ተቀበሉ። ሁለት ነገር አስገደዱኝ። አንደኛ፣ ውሻው ባሕሪው ከተለወጠ በዚያው ሰዓት ራሴ መጥቼ እንድናገር። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሁለተኛ፣ በእኔ ገመድ ሳይሆን በእሳቸው ጠፍር እንዲታሰር። የሴት ቋጠሮ አላምንም አሉና ከእርሻቸው ወፍራም የቆዳ ጠፍር አስመጡ። በገዛ እጄ አንገቱ ላይ አስሬ ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሲወጡ ጌታነህ ወደ ኋላ ቀረ። «ዘሀራ፣ መቶ በመቶ አልምልልሽም» አለኝ። «ክትባቱ ጥሩ ነው፣ ደሙ ጥሩ ነው፤ ግን አደራ ተጠንቀቂ። እህል ከተወ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከተለወጠ ጥሪኝ። አጥንት ሰንቅሮት ነው ብለሽ እጅሽን አፉ ውስጥ እንዳትከቺ። ብዙ ሰው የሞተው እንደዚያ ሲል ነው።»

ሦስት ቀን በላ፣ ጠጣ፣ ጅራቱን ወዘወዘ። እኔ ሳህኑን በረጅም እንጨት እየገፋሁ አቀርብለታለሁ፤ እሱ ለምን እንደራቅኩት ግራ ገብቶት ያየኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮ አጋድሜ ከለልኩት። አራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ነበር። አልሐምዱሊላህ ደረቀልኝ ብዬ ቆርቆሮውን አነሳሁለት።

አምስተኛው ቀን ጠዋት እህል አልነካም። ሳህኑ ላይ ጎንበስ ይልና ይመለሳል። ውሃውም ላይ እንዲሁ። ከአፉ ለሃጭ ረጅም ሆኖ ይወርዳል። ስጠራው ጮኸ፤ ድምፁ የእሱ አልነበረም። ጎርናና፣ የታፈነ ሆነ። ጌታነህ የዘረዘራቸው ሦስቱም ምልክቶች በአንድ ጠዋት ደጄ ቆሙ።

አልዋሻችሁም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ለማንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲመጣ እየሳቅኩ ሸጥኩ። የቀረው አምስት ቀን ነው፣ ማንም አላየም፣ ምናልባት ብርድ መትቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አያ ይማምን ደግሞ አልወዳቸውም ነበር። ስንት ጊዜ ድስቴን ከፍተዋል። ሰይጣን መቼም የሚመጣበትን ቀዳዳ ያውቃል። በኋላ ግን ሳስበው፣ እኔ በነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ምስክሩን አትግደሉ ያልኩ ሴት ነኝ። ምስክሩ የማልፈልገውን ሲናገር አፉን ልይዝ ነው? የውሻዬ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ሱቁን ቆለፍኩና አያ ይማም ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ ደጃቸው ስደርስ ፊቴን ጠረግኩ።

ደጅ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሚስታቸው ከውስጥ ሰምተው «ወየው» አሉና አፋቸውን ያዙ። አያ ይማም አንገታቸውን ደፍተው ጠየቁኝ።

«ያየ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«እኔ አይቻለሁ። ምዬም ነበር። አሁን ይነሱ አያ፣ መርፌውን ይወጉ። ገና ጊዜ አለዎት ብሏል ጌታነህ። ውሻዬን መግደል ከሆነም እኔው አስገድለዋለሁ፤ እርስዎ ግን ከእሱ ጋር አይሞቱብኝም።»

ቀና ብለው አዩኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

ሆስፒታል አብሬያቸው ገባሁ። ነርሷ ቁስሉን እንደገና አጠበች፣ ከዚያ እጅጌዎን ይሰብስቡ አለቻቸው። ሆድ ላይ አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁ ያ ድሮ ቀረ፣ አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ግን በቀጠሮው ቀን ሁሉ ይመጣሉ አለቻቸው። አምስት ቀን ሙሉ የፈሩት ነገር እስከ አስር እንኳ ሳይቆጠር አለቀ። ሲወጡ እጅጌያቸውን እያስተካከሉ «ውሻውን ልየው» አሉ። የሚገደለውን ሊያዩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከሆስፒታሉ ያስጠራሁት ጌታነህም መጥቶ ነበር፤ ሦስታችን ጓሮ ገባን። አያ ይማም ርቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አትንኩኝን ያዩት ጀመር። ረጅም ጊዜ አዩት። ከብት ሲታመም የሚያዩት እንደዚያ ነው፤ የአርሶ አደር ዓይን ነው ያላቸው። አትንኩኝ ወደ ውሃው ሄደ፣ ምላሱን ነከረ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ ተመለሰ።

«ውሃውን ይፈልገዋል» አሉ አያ ይማም። «እንዳበደ ውሻ አልሸሸውም። መዋጡ ነው እምቢ ያለው።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ጠፍር ሲመጣልሽ እርጥብ አልነበረም?»

ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጠፍር ምን አውቃለሁ። ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ሊያስር ሲል ቆዳውን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት እንዲይዝ ነው። አያ ይማም ለእርሻቸው የነከሩት ነበር ለውሻዬ የመጣው። ዝናቡ ሲዘንብ ለቀቅ አለ፤ እኔ ቆርቆሮውን አንስቼ ፀሐይ ሲያገኘው ጉሮሮውን ያዘው። ያ ወፍራም ጸጉሩ ሸፍኖት ማናችንም አላየነውም።

ጌታነህ ጠፍሩ ቢሆንም ባይሆንም እጅ አይገባም አለ፤ እስኪለይለት ድረስ እንደታመመ ነው የምንይዘው። ጓንቱን አጠለቀ። አንገቱን ከመሬት የሚያጣብቅ ባላ እንጨት ተፈለገ። እኔ ልይዝ ስል አያ ይማም ከእጄ ወሰዱት። የተነከሰው እግራቸው ላይ ሻሽ እንደተጠመጠመ፣ ቀስ ብለው ቀርበው ባላውን አሳረፉበት። «አብሽር፣ አብሽር፣ አይዞህ» ይሉት ነበር። ጌታነህ ቢላዋውን በጠፍሩ ሥር አስገብቶ ሁለት ሦስቴ ሳበ። ጠፍሩ ተበጠሰ። ወዲያው በጌታነህ ሰንሰለት ላላ አድርገን አሰርነውና ራቅን።

አትንኩኝ ለአፍታ ተንገዳገደ። ከዚያ ወደ ሳህኑ ሄዶ ውሃውን ጨለጠው። ሳህኑን እስኪያንኳኳ ድረስ ላሰው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አያ ይማም ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዙረው ቆሙ።

ጌታነህ ቆጠራው አልተቋረጠም አለን፤ ቀሪውን አምስት ቀንም በእንጨት እየገፋሁ አበላሁት። አሥረኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሊያዩት መጡ። ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ይማም ነበሩ። እስክከፍትላቸው ቆመው ጠበቁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ውሻ ለማዳን ይህን ያህል ትላላችሁ ይሆናል። በሉ። እኔ ከዚያ ሰሞን በኋላ ሰው ሲስቅብኝ መሳቁን ይጨርስ ብዬ የምጠብቅ ሴት ሆኛለሁ። ድሮ ሽማግሌ ሲናገር አንገቴን ደፍቼ በውሻዬ ስም ነበር የምመልሰው። አሁን በገዛ አፌ እመልሳለሁ። ግን አንድ ነገር ከእኔ ውሰዱ፤ ውሻ ከነከሳችሁ ጸጉሩን ተዉት። ታጠቡ፣ ቶሎ ተከተቡ፣ ውሻውን ከቻላችሁ በሕይወት አስራችሁ ጠብቁት። ስታስሩት ደግሞ በምን እንደምታስሩት እዩ። ስለ እምቢታም ቢሆን የተማርኩት አለ። በሽማግሌዎቹ ፊት እምቢ ማለቴ ቀላሉ ነበር። የከበደኝ በአምስተኛው ቀን፣ ሱቄ ውስጥ፣ ለራሴ እምቢ ማለቱ ነው።

የመሄጃችን ቀን ደርሶ፣ የጤና ማረጋገጫው ተጽፎ፣ ቆሞ መዞር የሚችልበት ሣጥን አናጢ ሠርቶለት አውሮፕላን ጣቢያ ገባን። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሰማያዊውን ፋይል ተቀብሎ ቅጠል በቅጠል አየ። መለያ ቁጥሩን፣ ክትባቱን፣ የደሙን ውጤት፣ ማኅተሙን። ከሁሉም ሥር ከሱቄ የደንበኛ ደብተር የተቀደደች አንዲት ወረቀት አገኘ። በመነሻዬ ዋዜማ አያ ይማም ደጅ ጠርተው ገብተው፣ እሳቸው እየተናገሩ እኔ የጻፍኳት፣ በጣታቸው አሻራ ያተሟት ናት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበባት።

«እኔን ይማምን ይህ ውሻ ነክሶኛል። የነከሰኝ ሳልጣራ ስለገባሁ ነው። አሥር ቀን ተጠብቆ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። ያነቀው የእኔ ጠፍር ነው። ባለቤቲቱ እውነት ተናጋሪ ናት። ያየ ሁሉ ያሳልፋቸው።»

ልጁ ቀና ብሎ ወደ ሣጥኑ ተመለከተ። ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ይሄ ከሚጠየቁት ወረቀቶች ውስጥ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሌሎቹ የእሱ ናቸው። እሷ የእኔ ናት፤ መልስልኝ።»

አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።